ሰባ አንድን ለመስበር

ሐሙስ ሰኔ 13 ቀን፣ ዐረፋ ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ የሀሩን የጭነት መኪና ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። ሀሩን እዚያው ሞተ። ሸዋ ሮቢት በሰባት ሰዓት ሰማች። ታናሽ ወንድሙ ሙዓዊያ የሰማው ግን በአሥር ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ጎልፍ ሲጫወት ነበር።

ሙዓዊያ የሞገስ ጌም ቤት የገባው ኳስ ሊጫወት ነበር። ቤቷ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከማንጎ ሻጮቹ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቴሌቪዥኖቹ ላይ ኳስ፣ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጎልፍ። ጎልፉን ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር የሚነካው አልነበረም። ስኮትላንድ ውስጥ ታላቅ ውድድር የሚደረግበት እውነተኛ ሜዳ ነው አሉ፤ ጉብታው፣ የአሸዋ ጉድጓዱ፣ የባሕሩ ዳርቻ ሳይቀር እንዳለ ተቀድቶ የገባበት። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ያስቀምጣል። ሮቢት በሙቀት ስትነድ እዚያ ያካፋል፣ ነፋስ ይነፍሳል። ሀሩን ሲጫወት፣ "ሞገስ፣ ጋቢ አምጣልኝ እንጂ፣ በረደኝ!" እያለ ቤቱን ያስቅ ነበር።

ግድግዳው ላይ በጠመኔ "ሀሩን 71" ተብሎ ተጽፏል፤ በጎልፍ ባነሰ ምት የጨረሰ ነው አሸናፊው። ሙዓዊያ ከሰባ አራት ወርዶ አያውቅም። ሀሩን ረቡዕ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ "እስክመለስ ካልሰበርከው ወንድሜ ነህ እንዳትለኝ!" ብሎት ነበር።

"ኳስ አለ?" አለ ሙዓዊያ እንደገባ።

"ተይዟል" አለ ሞገስ። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ፊት ግን ማንም አልተቀመጠም። "ጎልፉን ክፈት። ዛሬ የሀሩንን ሳትሰብር ከዚህ አትወጣም።"

"ሙቀቱ ነካህ እንዴ?"

"ክፈት አልኩህ። ስልክህን አምጣ፣ ቻርጅ ላድርግልህ።"

"ሞልቷል እኮ።"

"አምጣው፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል።"

ሰጠው። አጎቱ ጋሼ ኢብራሂም ቀደም ብለው ለሞገስ ደውለው እንደነበር ያወቀው በኋላ ነው። እናቱ ሙሚና ጀውሃ ገበያ ነበረች። ልጁ አስቀድሞ ከሰማ እየጮኸ ወደዚያው ይሮጣል፤ እናት መርዶዋን ደጋፊ በሌለበት ገበያ መሃል ትሰማለች። ሴቶቹ ሄደው በሰላም ወደ ቤት እስኪመልሷት፣ ሬሳውም ከደብረ ሲና እስኪደርስ፣ "ልጁን ያዝልኝ፣ ስልክ እንዳያይ" ብለው ነበር አጎትየው።

የመጀመሪያው ኳስ አሸዋ ውስጥ ገባ። ሙዓዊያ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ የዘላለምን ስድብ ጠበቀ። ዘላለም ጎረቤቱ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ፣ "ምኑን ነው የምታርሰው? ማሾ ልትዘራበት ነው?" ካላለ ቀኑ አይመሽለትም። ዛሬ ዝም አለ።

"ዘላለም፣ አሞሃል?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ስደበኛ! ካልሰደብከኝ እጄ አይሠራም።"

"አንተ..." አለ ዘላለም፣ "አንተ ገበሬ..." ድምፁ ተሰበረና ፊቱን አዙሮ ወጣ።

"ፍቅረኛው ጥላው ሄዳ ነው" አለ ሙዓዊያ። የሳቀ የለም። ሞገስ ማራገቢያውን ወደ እሱ አዞረለት፤ ቀዝቃዛ ሚሪንዳም ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠለት። ተራ የሚጠብቁት ልጆች አላጉረመረሙም። ሙዓዊያ ይህን ሁሉ አየ፤ ግን ኳሱ እየገባለት ነበር፣ ደስታ ደግሞ ሰው ያሳውራል። ነፋሱን እንደ ሀሩን አስልቶ፣ ዝቅ አድርጎ ይመታል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ከወንድሙ በአንድ ምት ይሻል ነበር።

"ሞገስ፣ ስልኬን! ለሀሩን ልደውልለት፤ ይህንን በጆሮው መስማት አለበት።"

ሞገስ ችፍ ያለ ላብ ከግንባሩ እየጠረገ ወደ በሩ ያያል።

"ስማ እንጂ!"

"መጀመሪያ ጨርሰው" አለ በመጨረሻ።

አሥራ ስምንተኛው ላይ ኳሱ ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። እሱን ካስገባ ሰባ ነው። ያኔ ከኋላው የከዘራ ድምፅ ሰማ። ጋሼ ኢብራሂም ነበሩ። እሳቸው ጌም ቤት ገብተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ደጃፍ ቆመው፣ "የገና ጨዋታ ነው እንዳልል ተጋጣሚ የለው፤ ብቻውን ዱላ ይዞ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ምን ያለ እብድ ነው?" ይሉ ነበር። ዛሬ ገብተው አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ አንድ ምት ብቻ ነው የቀረኝ።"

"ምታው በል" አሉ ቀስ ብለው።

ያስደነገጠው ይህ ነው። ሲዞር በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ በሥራ ቀን፣ ነጭ ለብሰው። ምን ተፈጠረ ብሎ አልጠየቀም።

"ማን ነው?" አለ።

አጎቱ እጁን ያዙት።

"እናቴ ናት?"

"እናትህ ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሙዓዊያ፣ ትንፋሹ እየወጣ፣ ከልቡ። ከዚያ የአጎቱን ፊት አየ። እናቱ ካልሆነች የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያችን ቃል ሊመልሳት አፉን ከፈተ።

"ኢና ሊላሂ በል፣ ልጄ" አሉት።

አላለም። ብድግ ብሎ የሞገስን ኮሌታ ያዘ። "መቼ ሰማህ?"

"ሳትገባ በፊት።"

"አጫወትከኝ?! ወንድሜ ሞቶ አጫወትከኝ?!"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ልቀቀው" አሉ ጋሼ ኢብራሂም። ስክሪኑ ላይ ጎልፉን የሚመታው ባለ ነጭ ኮፍያ ሰውዬ ዱላውን ይዞ፣ በካፊያው ውስጥ፣ ምት ይጠብቃል።

ሀሩን ከመግሪብ በፊት ተቀበረ። ሞገስ ለቅሶው ቤት አግዳሚ ሲያመላልስ ሰነበተ፤ ሙዓዊያ ግን እጁን አልጨበጠውም፣ ክረምቱን ሙሉ አላነጋገረውም። በመስከረም የዘላለም አባት ማጀቴ ከተማ ለገበያ እንደሄዱ ድንገት ወድቀው ሞቱ። ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ የዘላለምን ስልክ ተቀብሎ፣ ጎልፉን ከፍቶ ጌም ቤት ያቆየው ሙዓዊያ ነው።