ስሙ የተቀየረው ልጅ

መንበረ ዲላ ተወልዳ እዚያው የምታስተምር፣ ለልጆችና ለታዳጊዎች የምትጽፍ ደራሲ ናት። ከመጽሐፎቿ ሁሉ የተወደደላት የቦና ታሪክ ነው። ቦና ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኢዲዶ መንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ሲታመምበት የተሰጣውን ቡና ከዝናብ እያዳነ፣ ከትምህርቱም ላለመቅረት ይታገላል።

ባለፈው ኅዳር ይርጋጨፌ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እንድታነብላቸው ጋበዛት። አሳታሚው የዚህን መጽሐፍ አዲስ እትም በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ስለላከው እሷም ገና አላየችውም ነበር። ንባቡን ሳትጀምር ባርኮት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቦና የት ሄደ? የእህቴ መጽሐፍ ላይ ቦና ነው። እዚህ ግን ኤልሮኢ ይላል።»

መንበረ መጽሐፉን ተቀብላ ገለጠችው። ኢዲዶ የለችም። ልጁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፤ አባቱ የልብስ ነጋዴ ሆኗል፤ ቆጮው ፒዛ ሆኗል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የእሷው ነው። ፊቷ ጋለ። ወደ ግቢው ወጥታ የአሳታሚው አርታዒ ለሆነው ልዑልሰገድ ደወለች።

«ሳትጠይቁኝ እንዴት ትቀይሩታላችሁ?»

«ወይዘሮ መንበረ፣ የከተማ ልጆችም ራሳቸውን እንዲያዩበት ብለን ነው።»

«የኢዲዶ ልጆችስ ራሳቸውን የት ይዩ?»

ሳቅ አለ። «የልጆች መጽሐፍ እኮ ነው! ለአዋቂ የተጻፈ ቢሆን መጠየቃችን አይቀርም ነበር።»

ባልደረቦቿ «ቁም ነገር የምትጽፊው መቼ ነው?» ሲሏት ስቃ ታልፍ ነበር። አሁን ግን ሳቅ አልመጣላትም።

«መጽሐፉን ሰብስቡ» አለችው። «ልታሳትሙት የያዛችሁትን አዲሱን ሥራዬንም መልሱልኝ።»

«ይቀልዳሉ?»

ስልኩን ዘጋችበት።

ክፍል ተመልሳ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እና ዝም ሊሉ ነው?» አለች ባርኮት።

ዝም አላለችም፤ ከሰሰች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እያለ ልዑልሰገድ ደውሎ፣ «ስሙን እንመልሰው፤ ቦታው ግን አዲስ አበባ ይሁን» አላት። «የምን ገበያ ነው ይሄ!» ብላ ጮኸችበት። ፍርድ ቤቱ እትሙ እንዲታገድ ወሰነ። የተሸጠው ግን ተሸጧል፤ ዛሬም ኤልሮኢን የሚያነቡ ልጆች አሉ። ሌሎች አሳታሚዎች ደግሞ «አስቸጋሪ ናት» እያሉ አዲሱን ሥራዋን አንቀበልም ብለዋታል። እሷም እልኋ አልበረደም፤ ማታ ማታ ሌላ መጽሐፍ እየጻፈች ነው። ታሪኩ ሬኮ የምትባል ሌላ የቡና መንደር ልጅ ታሪክ ነው።