ነይ-ግቢ

«አራት ነጥብ» የሚለውን ቅጽል ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። የሰዋስው መምህርት ነበረች። ክርክር ሲበዛባት ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ አራቷን ነጥብ ታኖራለች፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍስ የለም። ጡረታ ከወጣችም በኋላ ጠባዩ አልለቀቃትም። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየች ገብታ ባለቤቱን ታስጠራለች። መድኃኒት ቤት ያላት ታናሽ እህቷ፣ «እትዬ፣ አንቺ ገነት ብትደርሺ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታርሚ አትገቢም» ትላታለች።

ከእናቷ ጋር ብቻ ነበር የማትከራከረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሥዕል ሙዚየሙ ይሄዳሉ። እናትየው ዕድሜዋን በጥልፍ ያሳለፈች ሴት ናት፤ ዓይኗ ደክሞ መርፌ ከተወች ወዲህ ቀለም የምትጠግበው እዚያ ነው። ከአዳራሽ አዳራሽ መዞር አትወድም። ፎቁ ላይ፣ መጨረሻው ክፍል ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፤ ፊት ለፊቱ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥና ሌላውን ዓለም ትረሳለች። ሥዕሉ ሰው የለበትም። ባዶ መንገድ፣ አንድ የተከፈተ በር፣ ከበሩ የሚወጣ ቢጫ ብርሃን፣ ከሁሉም በላይ ሰማይ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው እንዳይባል መሽቷል፣ ጥቁር ነው እንዳይባል ገና ነው።

«ይኸውልሽ፣ ነይ-ግቢ» ትላለች እናትየው በጣቷ እየጠቆመች።

ነይ-ግቢ የቤታቸው ቃል ነው። እህትማማቾቹ ልጆች ሳሉ ደጅ ሲጫወቱ ይመሽና ሰማዩ ያንን መልክ ሲይዝ እናታቸው በር ላይ ቆማ «ነይ፣ ግቢ» ብላ ትጣራለች። የምትጠራው ታላቂቱን ነው፤ ታናሿ ጅራት ስለሆነች ተከትላ ትገባለች። እያደር ቃሉ ከጥሪ ወደ ቀለም ተሻገረ። «ነይ-ግቢውን ክር አቀብዪኝ» ትላለች እናትየው ከጥልፏ ቀና ሳትል። ታላቂቱ ትምህርት ቤት ገብታ ትንሽ ዕውቀት ሲያብጥባት፣ «እማ፣ ትእዛዝ የቀለም ስም አይሆንም» ብላት ነበር።

«እንግዲያው ቀለሙን አንቺ ጥሪው» አለቻት እናትየው። መጥሪያ አጣች። እስከ ዛሬም አላገኘችም።

ሙዚየሙ ውስጥ የሚያስጎበኘው ሰውዬ የድሮ ተማሪዋ ነበር። ያኔ ተባዕታይና አንስታይ እያምታታ «እናቴ መጣ» ብሎ ይጽፋል፣ ክፍሉ ይስቃል። አንድ ጊዜ «እናቴ» በሚል ርዕስ ድርሰት ጻፉ ብላ ብታዝ ባዶ ወረቀት መለሰላት። ልትቆጣ ስትል ፊቱን አየችና ተወችው። ኋላ ስታጣራ በአክስቱ እጅ ያደገ፣ እናቱን የማያውቅ ልጅ ኖሯል። ለማንም አልተነፈሰችም። ለብቻው ጠርታ «አንተ ስለ ዝናብ ጻፍ» አለችው። ስለ ዝናብ ጻፈ፤ ጥሩ አድርጎ ጻፈ።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሙዚየሙ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ «ሥዕል በቤትዎ» የሚባል የኢንተርኔት መርሐ ግብር ተጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት አስጎብኚው ስክሪኑ ላይ ብቅ ይልና አንድ ሥዕል መርጦ ያወያያል። ታናሿ እህት ታብሌት ገዝታ አመጣች፤ እየተቆጣችም እየሳቀችም አስተማረቻቸው። እናትየው ታብሌቱን የምትይዘው እንደ መስኮት ነው። ለሌሎቹ ተሳታፊዎች የሚታያቸው ግንባሯ ብቻ ነበር።

«እናቴ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» ይላል አስጎብኚው።

«እኔ አንተን በደንብ አይሃለሁ።»

«እኛ ነን እርስዎን ያላየን።»

«ምን ቸገራችሁ፣ ሥዕሉ እኔ አይደለሁ። ይልቅ አንተ ማስክህን አድርግ፤ ይሄ ሁሉ ሰው ፊትህ ተደርድሮ።»

አንድ ቅዳሜ እናትየው የምትወደውን ሥዕል አቀረበ። የሰማዩን ቀለም ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ጥቁር ሰማያዊ አለ፣ ሌላዋ ወይን ጠጅ አለች፣ አንድ ጡረተኛ የቧንቧ ዝገት ይመስላል ብሎ አሳቃቸው። አራት ነጥብ እናቷን አየቻት። እናትየው ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ቆነጠጠቻት።

«አልነግራቸውም» አለች በሹክሹክታ። «የቤት ነገር ነው።»

በሽታው ረገብ ብሎ እንደገና ሲያገረሽ እናትየው ታመመች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሁለቱንም ልጆቿን መለሷቸው። ከዚያ መልሰው የሰጧቸው ልብሷን በፕላስቲክ ከረጢት፣ እሷን ደግሞ በተዘጋ ሣጥን ነው። ቀብሯ ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ነበር፤ እሱም ተራርቆ። ቤት መጥቶ ያስተዛዘነ የለም። ሐዘኑ በስልክ ሆነ፤ ስልክ ደግሞ እንባ አይጠርግም።

ቅዳሜ ሲደርስ አራት ነጥብን ቤቱ አላስቀምጥ ብሏት ታብሌቱን ከፈተች። ውይይቱ አልቆ ሰው ሁሉ እየተሰናበተ ሲወጣ እሷ መውጫውን መጫን አቃታት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሳጥን ቀረ፤ የእሷና የእሱ።

«ቲቸር፣ እናቴ ዛሬ የሉም?»

ያን ጊዜ የያዘችው ሁሉ ፈሰሰባት። የእናቷን ሞት፣ የበሩን ነገር፣ የጥልፉን ነገር፣ የክሩን፣ የጥሪውን፣ ቃሉን ራሱን ሁሉ ነገረችው። እሱ አላቋረጣትም። አንድ ጊዜ ብቻ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ይሄ አደራ ነው» አለችው በመጨረሻ። «እማ ለሰው አይነገር ብላለች። ለአንተ የነገርኩህ ሆዴ አልችል ቢለኝ ነው።»

«በእኔ ይሁንብዎ፣ ቲቸር። እዚሁ ቀረ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ለስንቱ ተማሪ ስታስተነትን የኖረች ሴት በዚህ አመነች።

ሙዚየሙ ሲከፈት የጥሪ ወረቀት መጣ። ታናሿ በመኪናዋ መጥታ ወሰደቻት። መንገዱን ሙሉ ስለ መድኃኒት ዋጋ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ማስክ ዓይነት አወራች፤ ዝም ማለት የፈራች ትመስል ነበር። በር ላይ እጃቸውን ሳኒታይዘር ረጩላቸው፣ ግንባራቸውን ለኩላቸው። ወለሉ ላይ በተለጠፉት ቀስቶች እየተመሩ ፎቅ ወጡ።

መጨረሻው ክፍል በር ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ ነይ-ግቢ።

ፊደሉ ትክክል ነበር። ጭረቷ እንኳን አልቀረችም። ዕድሜ ልኳን ስሕተት ስትለቅም የኖረች ሴት፣ ያን ቀን አንድ ስሕተት ብታገኝ ምን ነበረበት።

የእናቷ አግዳሚ ወንበር ተነስቷል። በቦታው በሦስት እግር የቆመ ካሜራ አለ፤ ቤታቸው ሆነው ለሚከታተሉት ነው። ሥዕሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦ «ሰማዩ ይህን ቀለም ሲይዝ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠራኝ ነበር።»

አስጎብኚው ካሜራውና እንግዶቹ ፊት ቆሞ ተናገረ። በሩን ተናገረ። ጥልፉን ተናገረ። ክር አቀብለኝ ትለኝ ነበር አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ የውሸት አልነበረም፣ እውነትም ያለቅስ ነበር። ከማስክ በላይ የሚታዩ ዓይኖች ሁሉ ረጠቡ። ጎን ያለው ስክሪን ላይ ተመልካቾቹ የላኳቸው ቀያይ ልቦች ይንሳፈፋሉ። እያለቀሰ የሚሰርቅ ሌባ ከሌባ ሁሉ ይከፋል፤ ዕቃሽን ብቻ ሳይሆን እንባሽንም ይዞብሽ ይሄዳል።

«ጥያቄ ያለው?»

እጇን አወጣች። «የሰዋስው ጥያቄ አለኝ።»

«የሰዋስው መምህሬ ናቸው» አለ ለእንግዶቹ። ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

«እናት ወንድ ልጇን ‹ና፣ ግባ› ነው የምትለው። የአንተ እናት ‹ነይ፣ ግቢ› ያለችው ማንን ነው?»

አስጎብኚው ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መለሰ፣ ከዚያ ፈገግ ያለ መሰለ።

«ቲቸር ዛሬም ያርሙኛል። እናቴ ስታቆላምጠኝ በሴት ነበር የምትጠራኝ።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ያንን ጎረምሳዬን ‹ነይ የኔ ቆንጆ› ነው የምለው። ፍቅር ሰዋስው መች ያውቃል?» ተጨበጨበ።

ሕጉን ያስተማረችው ራሷ ናት። ለማቆላመጥ ሲሆን ወንዱ በሴት፣ ሴቷ በወንድ ትጠራለች፤ ከሰሌዳ ላይ ቀድቶታል። በገዛ ጠመኔዋ መታት።

አንድ ነገር ቀርቷታል። ባዶው ወረቀት። «የትኛዋ እናትህ?» ብትል ይበቃ ነበር። አፏን ከፈተች። እሱም ተመለከታት፤ በዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ፈለገች፣ አጣች። እንደማትናገረው ያውቃል። ያኔ ስለ ዝናብ ጻፍ ያለችው ሴት ሰው መሃል እንደማታዋርደው ያውቃል። ክፉ ብትሆን ይጠነቀቅ ነበር፤ የሰረቃት በደግነቷ ተማምኖ ነው።

አፏን ዘጋችና ወደ እህቷ ዞረች። ታናሿ ተለይታ እንድትቆም ወለሉ ላይ የተለጠፈላት ክብ ውስጥ ቆማለች።

«ንገሪያቸው» አለቻት። «የማን ቃል እንደሆነ ንገሪያቸው።»

ታናሿ ማስኳን አስተካከለች። ሌላ ምንም አላደረገች።

አራት ነጥብ ከክፍሉ ወጥታ ወደ ደረጃው አመራች፣ እህቷም ተከተለቻት። ዝግጅቱ ሲያልቅ አስጎብኚው ሮጦ ደረሰባቸው።

«ቲቸር፣ ይስሙኝ። ‹የአንዲት ሴት እናት› ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል? ሰው የሚነካው በራስ ሲነገር ነው።»

«አንደኛ መደብና ሦስተኛ መደብ መለየት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አታስተምረኝ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ እያልኩ ስጠራቸው አንድ ቀን አላረሙኝም።»

«አክብሮት መስሎኝ ነበር። ለካ ልትወስዳት ኖሯል።»

«ደግሞ ሳልጠይቅ አልወሰድኩም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ታናሿ እያየ። «እሳቸውን ጠይቄያለሁ።»

አራት ነጥብ የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። ብረቱ ሳኒታይዘር ይሸታል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ደውሎልኝ ነበር» አለች ታናሿ። «እማ ትታወሳለች ብዬ እሺ አልኩት። እናቴ ናት እንደሚል አልነገረኝም፤ ዛሬ ግድግዳው ላይ ነው ያየሁት።»

«እና አይተሽ ዝም?»

«ምን ልበል? ‹የእኛ ናት› ልበል?» ታናሿ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችው። «እትዬ፣ እኔን ማን ጠርቶኝ ያውቃል? ‹ነይ› የተባልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ጅራት ነበርኩ። የእኔ ያልሆነ ነገር መስጠት አልከበደኝም።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። ይህን ሁሉ ዘመን እህቷ ኋላዋ ስትሮጥ ሳቅ እንጂ ቂም ትሰማ አልነበረም። ልትመልስላት ፈለገች፤ እኔን ስትጠራ አንቺንም እየጠራች ነበር ልትላት። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የተስተካከለው ማስክ ትዝ አላት፣ ተወችው።

«አደራ የበላው አንድ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። ለሁለቱም ነው ያለችው። ደረጃውን ወረደች።

ውጭ መሽቷል። የመንገዱ መብራት ገና አልበራም፤ ከጣሪያዎቹ በላይ ያ ሰማይ ቆሟል። ስሙን ልትጠራው ስትል የመጣላት የእናቷ ድምፅ አልነበረም፤ የበሩ ላይ ትልልቅ ፊደላት ነበሩ፣ ጭረቷ ሳትቀር። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ሞከረች። እንደገና ፊደሎቹ መጡ።

ታናሿ ከኋላዋ አልፋ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ በወንበሩ ላይ ተንጠራርታ በእህቷ በኩል ያለውን በር ከፈተችላት። የመኪናው የውስጥ መብራት ቢጫ ሆኖ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ።

«ነይ፣ ግቢ» አለች።

ሳታስበው ነው ያለችው። ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌላ የምትልበት ቃል ፈለገች፣ ፈለገች፣ ቋንቋው አልሰጣት አለ፤ በመጨረሻ በእጇ ብቻ ወንበሩን አሳየቻት።

አራት ነጥብ የተከፈተውን በር አየችው። እጇን ሰደደችና ቀስ ብላ፣ ሳታላጋ፣ ዘጋችው። መብራቱ ጠፋ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በእግሯ መንገድ ጀመረች።

እናታቸው አንዷን ጠርታ ሁለት ታስገባ ነበር። ዛሬ ጅራቷ ጠራች፣ የተጠራችው አልገባችም።