የያዘችው ጣት

ሱሪያ የፋኢዛን ቀሚሶች አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስትከት፣ ኒዛር በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። እህቱን ፋኢዛን ወደ የመን የጫነችው ጀልባ ከሰመጠች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ልብሷን ሊወስድ ዛሬ ጠዋት ከድሬዳዋ በባቡር መጣ። ፋኢዛ እዚህ ወደብ ከተማ፣ አርሂባ የሚባለው ሰፈር፣ ሱሪያና ባሏ ቤት አምስት ወር ተጠግታ ነበር።

«ኡሚ እህል አልቀምስም ብላለች» አለ ኒዛር ስለ እናቱ። «‹የሰው ልጅ አረብ አገር ሄዶ ተለወጠ እያልኩ የገፋኋት እኔ ነኝ› ትላለች።»

«ተው እንጂ ወንድሜ! የአላህ ውሳኔ ነው» አለ የሱሪያ ባል ሀምዱ፣ ከወደብ ሥራው ገብቶ ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳለ። «ቀኗ ከደረሰ እዚህም ብትሆን አይቀርላትም።»

ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ያንኑ ነበር ያለው። ሱሪያም አሜን ስትል ሰነበተች። አሜን ማለት ምን ያቅታል?

ፋኢዛ ልቧ ሲያመነታ ሁለት ጣት ቀስራ «አንዱን ያዢልኝ» ማለት ልማዷ ነበር፤ ገበያ ለመሄድም ቢሆን። ወደ የመን ልሂድ ወይስ ልቅር ባለች ቀንም ጀርባዋን ሰጥታ ጣቶቿን በሹክሹክታ ስትሰይማቸው ሱሪያ ሰማች፤ ሌባ ጣት መሄድ፣ የመሀል ጣት መቅረት። በዚያ ሳምንት ደግሞ ሀምዱ «የፋኢዛ እጅ ይጣፍጣል» ማለት አብዝቶ ነበር። ሱሪያ የፋኢዛን ሌባ ጣት ጨበጠች። ፋኢዛም «አላህ መረጠልኝ» ብላ አቀፈቻት።

የመረጠችው ግን ሱሪያ ናት። ሰምታ፣ አስባ፣ ቀንታ ነው የያዘችው። ይህን ባሰበች ቁጥር ራሷን ትጠላለች።

ኒዛር ሻንጣውን አነሳ። «በቃ፣ ኡሚን ተጽፎባት ነው እላታለሁ።»

«ታምንሃለች?»

«የት ታምነኛለች፣ እህቴ! ደረቷን ትደቃለች እንጂ።»

ሱሪያ ባሏን አየችው። ከተናገረች እዚህም ድሬዳዋም ፊቷን ማየት የሚፈልግ አይኖርም። ዝም ካለች ግን ያቺ እናት የሌላ ሰው ኃጢአት ተሸክማ መቃብር ትወርዳለች።

«ሻንጣውን አስቀምጠውና ለእናትህ ደውልልኝ» አለች። «እሷ እንዳልገፋቻት እኔው ልንገራት።»