ጭልፊቱ የያዛት ኳስ

«ነካች?»

«ነካች።»

«ዳኛው አይቷል?»

«አላየም። አልጠየቀኝምም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ከዚህ በኋላ የተባለውን ኤርሲሊያ በደንብ አታስታውሰውም። ሰው በትከሻው ተሸክሞ ከሜዳ ስላወጣው የተባለ ነገር ነበር። ስለ ቤትም የተነሣ ይመስላታል። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ የሳን ሴኖን ስኳር ፋብሪካ የቤዝቦል ቡድን መለያ የምታጥበው እሷ ናት። የሰማችውም ከተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ጀርባ፣ ገመድ ላይ ከተሰጡት ፎጣዎች መሀል ቆማ ነው። «ነካች» ያለው ድምፅ የኤሊሴዮ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ጭልፊቱ የሚለው። የሌላው ሹክሹክታ ስለነበር የወንድ ይሁን የሴት ሳትለየው ቀረች። ፎጣዎቹን እንኳ ሳትሰበስብ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሄደች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ለማንም አልተነፈሰችውም። አሁን ጭልፊቱ ሞቷል። የዘጠኝ ቀኑን ጸሎት የምትመራለት ደግሞ እሷው ሆናለች። ኤርሲሊያ ጸሎቱን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ከአሮጊቶች ኋላ ተቀምጣ፣ እያዳመጠች፣ ቃል በቃል በጆሮዋ ነው የለቀመችው። ዛሬ በሰፈሩ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄሱ አይደለም፤ እሷ ናት።

ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመቁጠሪያው ጸሎት አልቆ ሰዉ ወደ ግቢው ወጣ። ማንጎው ሥር የዝንጅብል ሻይ ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ ማርሲያል እንደ ልማዱ ተነሥቶ ቆመ። ስምንት ቀን ሙሉ፣ ጸሎቱ ባለቀ ቁጥር፣ ያችን ጨዋታ ሲያወራት ነው የሰነበተው። ሰዉም የጸሎቱ ማሳረጊያ እስኪመስል ድረስ ሳይሰማት ወደ ቤቱ አይሄድም።

«የመጨረሻው ዙር ነው» አለ ማርሲያል። «እኛ በአንድ ነጥብ እንመራለን። እነሱ ሁለት ሯጭ ሜዳ ላይ አላቸው። ዱላውን ይዞ የቆመው ማነው?»

«አልቃሻው!» አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ።

«አልቃሻው ናርሲሶ! መታት። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች... መሬት ሳትነካ ከተያዘች ዋንጫው የኛ ነው። ከነካች የነሱ ነው። ጭልፊቱ ሠላሳ እርምጃ ሮጠ...»

«ትናንት ሃያ ነበር» አለ ኡጎ፣ በሞተር ብስክሌት ሰው የሚያመላልሰው ጎረምሳ።

«አንተ ዝም በል! ያኔ አባትህ ገና አፍንጫውን መጥረግ አልቻለም ነበር። ሠላሳ እርምጃ ሮጦ፣ አጥሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ከሣሩ ላይ በአንድ ጣት ከፍታ ለቀም! እኔ አጥሩ ላይ ነበርኩ። ትንፋሹን ሰምቻለሁ እኮ! ያ አልቃሻ ግን ዳኛው እግር ላይ ወድቆ ‹ነክታለች፣ ነክታለች› እያለ እንባውን ዘረገፈው።»

ሰዉ ሳቀ። ኤርሲሊያ ግን የሻዩን ኩባያ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች።

ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ የጭልፊቱ ፎቶግራፍ፣ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ያ ዝነኛ ጓንት አሉ። ጓንቱ ይቀመጥ ያሉት ማርሲያልና ጓደኞቹ ነበሩ፤ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ኳሷን የያዘ ይመስል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ኤርሲሊያ ስትመጣ በግንባሩ ተደፍቶ ታገኘዋለች። ታቀናዋለች፣ በማግስቱ ተደፍቶ ይቆያታል። አንዴ ማርሲያል አይቶ «አሁንም ኳሷን ለዳኛው አላሳይም ብሎ ነው!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ኤርሲሊያ ግን ጓንቱን መልሳ አቀናችው። ውሃውም አለ። በዚያ ወር ሙቀት የሟች ውሃ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ይጎድላል፤ ጠጣ ይባላል። የጭልፊቱ ብርጭቆ የተሞላ ዕለት እንደነበረ ነው።

አሁንም ጓንቱ ተደፍቷል። የጭልፊቱ ሚስት ዶና ኤሜሊንዳ ከጎኑ ተቀምጣ እጇን በጭኗ መሀል ከታለች።

«አበልጄ» አለች ኤርሲሊያ፣ «አንቺ ነሽ የምትገለብጪው?»

«እኔ አልነካሁትም። ክፍሉን ቆልፌ ነው የማድረው።»

ኤርሲሊያ ተቀመጠች። የሚጠየቅ ጥያቄ ነበረባት። በሳን ሴኖን ደንቡ እንዲህ ነው፦ በዘጠነኛው ቀን ጠረጴዛው ይነሣል፣ የሟቹ ውሃ ደጃፍ ላይ ይደፋል፣ ነፍሱም ውሃውን ተከትላ ትወጣለች። ውሃውን የሚደፋው ሟቹ በሕይወት ሳለ የበደለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ጸሎት የምትመራዋ ትደፋለች። ስለዚህ በስምንተኛው ቀን ቤተሰቡ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ መልሱ «የለም» ነው፤ እሷም ውሃውን ትደፋና ቤቷ ትገባለች።

«የበደለው ሰው አለ?»

«የለም» አለች ኤሜሊንዳ።

ከውጭ የማርሲያል ድምፅ ይሰማል፤ ጭልፊቱን በትከሻ ተሸክሞ ሜዳውን ሦስተኛ ጊዜ እያዞረው ነው። ኤርሲሊያ «የለም»ን ተቀብላ መነሣት ትችል ነበር። ደግሞም ሠላሳ ስምንት ዓመት እንደዚያው አድርጋለች። ግን ነገ በእግዚአብሔር ፊት ያን ብርጭቆ አንሥታ «ሂድ፣ ማንም አይጠይቅህም» ልትለው ነው። በውሸት የተሸኘ ሰው የት ይደርሳል? እዚሁ ይቀራል እንጂ፤ በዚህ ክፍል፣ በግንባሩ ተደፍቶ።

«የዚያን ቀን ፎጣ ላወርድ ከመልበሻው ጀርባ ነበርኩ፣ አበልጄ» አለች። «ሰምቻለሁ። ‹ነካች› ሲል። ሌላ ሰው ደግሞ ‹ዝም በል› ሲለው።»

ኤሜሊንዳ እጇን ከጭኗ መሀል አወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«‹ዝም በል› ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ከውጭ አገር ቡድን ሰው አይቶ ሊቀጥረው ይመጣ ነበር። ሆዴ ገፍቶ ነበር፣ ቤት አልነበረንም። እሱ ሄዶ ለዳኛው ሊነግር ጫማውን እያሰረ ነበር። ክሩን ከእጁ ቀማሁት።» ጓንቱን ሳትነካው በጣቷ አመለከተች። «ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። አንድ ቀን! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሁለቱም አለቀሱ። ሲበቃቸው ኤሜሊንዳ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ናርሲሶን አምጪልኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ኤርሲሊያ ናርሲሶ ቤት ሄደች። ናርሲሶ ያኔ ለተጋጣሚው ቡድን ይጫወት እንጂ ዛሬ እዚሁ ሳን ሴኖን ጫማ ሰፊ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች የተቀደደ ጓንታቸውን የሚያስጠግኑትም እሱ ዘንድ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት አንዱ ወፈፌ በሩ ላይ «አልቃሻው» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎበት ሄዷል። እሱም አላጠፋውም፤ ደንበኛ የሚያገኘኝ በሱ ነው ይላል።

የመጣችበትን ስትነግረው ወስፌውን አላቆመም።

«ዳኛው ሞቷል» አለ። «ጭልፊቱም ሞቷል። አሁን ማን ላይ ልጩህ?»

«መጮህ አይደለም ዶን ናርሲሶ። ውሃውን እንዲደፉለት ነው።»

«በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በዚያ ጨዋታ ወር፣ ይመጣ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ያን ጓንት ይዞ። ‹ክሩ ላልቷል› ይለኛል። ክሩ አልላላም። እኔም ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። እሱ እዚያች በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቃል የለም። ስጨርስ እጁን ይከትበታል፣ መዳፉን ያያል፣ ይሄዳል። ስንት ጥር!»

«እርስዎስ አልጠየቁትም?»

«እኔ አንድ ጊዜ ጠይቄያለሁ። በሺህ ሰው ፊት፣ ተንበርክኬ። ሁለተኛ እንድጠይቅ ትፈልጊያለሽ?» ወስፌውን አሁን አስቀመጠው። «ከተቀበረ ወዲህ ደግሞ፣ ጠዋት ስከፍት በርጩማዋን ከማኖራት ቦታ አላገኛትም። እዚህ፣ እጠረጴዛዬ ሥር ተስባ ነው የማገኛት። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። አንቺ ጸሎት ታውቂያለሽ፤ ምን ይባላል ይሄ?»

ኤርሲሊያ በርጩማዋን አየቻት። ልታማትብ እጇን አንሥታ፣ ጭልፊቱ እንደሚያፍርባት ገምታ መለሰችው።

«ሊነግርዎት ነዋ» አለች። «በራሱ አፍ አልሆንለት ብሎ።»

ናርሲሶ በርጩማዋን ወደ ቦታዋ መለሳት። ከዚያ «እመጣለሁ» አለ፣ «ግን አንድ ነገር አለኝ። ያችን ኳስ ሠላሳ ስምንት ዓመት በጓንቱ ውስጥ የያዛት ጭልፊቱ ብቻ አይደለም። ማርሲያልም ይዟታል። ፀጉሬን ለመቆረጥ ሌላ ሰፈር ነው የምሄደው፣ በሱ ምክንያት። ማርሲያል በዚያው አፉ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ እንደሆነችው ያውራት። ያኔ ውሃውን እደፋለሁ። አለዚያ እዚሁ እየመጣ በርጩማ ይጎትት።»

ከምሳ በኋላ ማርሲያል ኡጎን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አንድ ጉንጩን ላጭቶታል። ኤርሲሊያ ከፎጣው እስከ ጫማ ክሩ ሁሉንም ነገረችው። ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ጸልየሽ ጸልየሽ ጭንቅላትሽ ዞረ» አለ።

«ኤሜሊንዳን ጠይቃት።»

«አልጠይቃትም! እሺ፣ ነክታለች እንበል። ታዲያ ምን ይሁን? ይህ ሰፈር ምን አለው? ፋብሪካው ተዘጋ። ሜዳው የበሬ ማሰሪያ ሆነ። ያለችን አንዲት ኳስ ናት፣ ኤርሲሊያ! እሷንም ከወሰድሽብን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ስለ ምን ያወራል? ስለ ኡጎ ሞተር?»

«ሞተሬ ምን አደረገህ?» አለ ኡጎ በአረፋው ውስጥ። «ጉንጬን ጨርስና ተጣላ።»

«እኔ ምንም አልወስድብህም» አለች ኤርሲሊያ። «አንተ አጥሩ ላይ ነበርክ። ያየኸውን ብቻ ተናገር። አልነካችም ካልክ እኔም በሰው ፊት ይቅርታህን እጠይቃለሁ። ምን አየህ?»

ማርሲያል ምላጩን ጠረገ። እንደገና ጠረገው። መስተዋቱ ውስጥ የኡጎ ዓይን ተተክሎበታል።

«ትንፋሹን ሰምቻለሁ አላልክም?» አለ ኡጎ።

«አጥሩ ጋ ነበርኩ» አለ ማርሲያል ቀስ ብሎ። «በወዲያ በኩል ነው እንጂ። በውጭ። ከጠዋት ጀምሮ ቢራ ስጠጣ ነበር፣ ሽንቴ መጣ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሳለሁ ሰዉ አጓራ። ቀበቶዬን ሳልቆልፍ ተንጠላጥዬ ስገባ ተሸክመውታል። እኔም እግሩን ያዝኩ። ‹አየኸው?› ሲሉኝ ‹አየሁት› አልኩ። ሁሉም አየሁ ሲል እኔ ብቻ ምን ልበል?»

ኡጎ አልሳቀም። ማርሲያል ከወንበሩ ጀርባ ባለችው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ምላጩን አጠፈው።

«ሌሊት ይመጣብኛል» አለ። «ከሞተ ወዲህ። ሮጦ ሮጦ አጥሩ ጋ ይደርስና ወደኔ ዞሮ ጓንቱን ይዘረጋልኛል፤ እይ እንደማለት። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። አልዞርም። እንዲህ ስምንት ሌሊት።»

ኤርሲሊያ አጠገቡ ተቀመጠች። ማዳመጥ ከጸሎትም በፊት የተማረችው ነገር ነው።

«ሰዉ ይጠላኛል» አለ ማርሲያል።

«ይሆናል።»

«ናርሲሶ እዚያ ቆሞ ይሰማኛል?»

«ብርጭቆውን ይዞ።»

ደወል ቤቱ ስምንት ሰዓት ተኩልን መታ። ጸሎቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ማርሲያል ተነሥቶ የኡጎን ሁለተኛ ጉንጭ ላጨው። ከዚያ ነጩን ጋዋኑን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

«መቁጠሪያው እንዳለቀ እነሣለሁ» አለ። «ከመጨረሻው ዙር አልጀምርም ግን። ከአጥሩ ውጭ ነው የምጀምረው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ከቆምኩበት፣ ‹እኔ አላየሁም› ብዬ። ከዚያ ‹ነካች› እላለሁ። እኔው እላታለሁ፣ በኔው አፍ።»