የክሬኑ ጉልበት

ባሌን ሠፈሩ ሁሉ «ክሬኑ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ዕቃ ሲያጓጉዝ ቁም ሣጥን በጀርባው አራተኛ ፎቅ አውጥቷል፤ ፍሪጅ ብቻውን አውርዷል። እንዲህ ያለ ሰው ወገቡ የተቀጨው በምን መሰላችሁ? አልጋ ሥር የገባች ካልሲ ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ሲያስነጥሰው! «ወገቤን!» ብሎ እንደተቆለመመ ቀረ። ደነገጥኩ፤ ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

እሱን ያስጨነቀው ግን ሕመሙ አልነበረም። እሁድ የልጅ ልጃችን ልትመጣ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት፣ አያቷን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ከላይ ወርዶ ላፍ ሲያደርጋት ጩኸቷን ታቀልጠዋለች፤ እሱም እየሳቀ ለእናቷ ይመልሳትና ጓዳ ገብቶ ይቆያል። «የፊታችን እሁድ ግን ሳትለምደኝ አትሄድም» ብሎ ምሎ ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኩት። የወገብ ባለሙያዋ ልጃችንን የምታክል ፈገግተኛ ሴት ናት።

«ካልሲዋን አይርገሟት አባባ» አለችው። «ጎንበስ ብሎ ከባድ ማንሣት፣ ተሸክሞ መጠምዘዝ፣ መኪና ላይ ለሰዓታት መቀመጥ፤ ጡንቻው የተጎዳው ድሮ ነው። ከእንግዲህ ሲያነሡ በጉልበትዎ ነው እንጂ በወገብዎ አይደለም።»

«ጉልበት ከሆነማ ችግር የለም!» አለ ደረቱን ነፍቶ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ቀለል ሲለው፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ብድግ አደረገ። ጩኸቱን ጎረቤት ሰማ። ተመልሰን ክሊኒክ።

«ምነው አባባ፣ በጉልበትዎ አላልኩም?» አለች ባለሙያዋ።

«በጉልበቴ ነዋ! ያለኝን በሙሉ!»

እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ይሄን ጉልበት ማለቴ ነው!» ብላ የገዛ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። በርከክ ብላ አንድ ካርቶን ወደ ደረቷ አስጠግታ ቀጥ ብላ ተነሣች። ሦስታችንም እስክናነባ ሳቅን፤ እሱ በየመሐሉ «ወገቤን!» ይላል።

መንገድ ላይ «እኔ ለማንም ተንበርክኬ አላውቅም» ብሎ አጉረመረመ።

«ለካርቶን ነው የተባልከው» አልኩት።

እሁድ ደረሰ። ትንሿ ገና በሩን ስታልፍ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች፤ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክሬኑ እንደታዘዘው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ወረደና አንድ ጉልበቱን መሬት አስነካ። ፊቱ ከፊቷ እኩል ሆነ። እስከዛሬ አንድም ቀን ከዚያ ቦታ አይታው አታውቅም። እጁንም አልሰደደም፤ ያው ወገቡን ፈርቶ ነው።

ቆማ አየችው። ቀሚሱን ለቀቀች። መጥታ አፍንጫውን ነካችና ዘወር ብላ ጉልበቱ ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን አንሣት እንጂ!» አልኩት ዓይኔን እየጠረግሁ።

«በየቱ ጉልበቴ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ይዛዋለች እኮ!»