ትራም የማይመጣበት ፌርማታ

የሚስ ሉሚስ የወታደሮች ክበብ ለጦርነት በመጣንባት ደሴት፣ በቶሮኪና ባሕር ዳርቻ፣ ከኮኮናት ዛፎች ሥር የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። የቢሊያርድ ጠረጴዛ አለን፤ ኳሶቹ ግን በስህተት ወደ ሌላ ደሴት ተልከዋል። መጻሕፍቱን ምስጥ በልቷቸዋል። ሻይ ብቻ ሞልቷል።

ሚስ ሉሚስ አንድ ቀን ጨነቃቸውና፣ "ልጆች፣ ከአገር ቤት ምን ናፈቃችሁ?" ብለው ጠየቁን።

"ትራም" አለ መካኒኩ ክላሪ።

በማግስቱ በሩ ላይ "ፌርማታ" የሚል ሰሌዳ ቆመ። እኛ በከተማ ባቡር፣ በትራም፣ ያደግን የሜልበርን ልጆች እንዲህ ያለ ሰሌዳ ካየን ከመሰለፍ ሌላ አናውቅም። በየማታው ሻያችንን ይዘን እንሰለፋለን፤ ስለ መዘግየቱ እናማርራለን፤ ደስ ብሎን እንተኛለን። ከሰው ጋር መጫወት የማይሆንልኝ እኔ እንኳ እዚያ ብቸኝነት አይሰማኝም። ከፊቴ ያለው ሰው ጀርባ ይበቃኛል።

ታዲያ ኮሎኔል ጋርሳይድ ክበቡን ሊዘጉ መጡ። ቤቱ የቦት ጫማ መጋዘን ሊሆን፣ ሚስ ሉሚስም በመጀመሪያው መርከብ ሊሸኙ ነው።

"እነዚህ ምን ያደርጋሉ?" አሉ ኮሎኔሉ።

"ትራም ይጠብቃሉ።" አሉ ሚስ ሉሚስ፣ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ።

"እዚህ ደሴት ላይ ትራም የለም!"

"ለእኛ ነው የሚነግሩን?" አለ ክላሪ። "ከመጋቢት ጀምሮ ቆመናል እኮ!"

ኮሎኔሉ ሊቆጡት ወደ ፊት ሲራመዱ ሰልፉ ሁሉ አጉረመረመ።

"ኧረ ሰልፍ አለ፣ ጌታዬ!"

"ማዕረግ ቢኖርስ? ከኋላ ነዋ!"

ኮሎኔሉ ፊታቸው ቀላ። እሳቸውም የሜልበርን ሰው ናቸው፤ በዕድሜያቸው ሰልፍ ጥሰው አያውቁም። "ይቅርታ" ብለው ከእኔ ኋላ ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ሰዓታቸውን አዩ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ይዘገያል?"

"ሲዘንብ ይብሳል" አልኳቸው።

"አሳፋሪ ነው።"

አብሯቸው የመጣው የመጋዘን ሻለቃ በጎን በኩል ብቅ አለ። "ኮሎኔል፣ ጫማዎቹን መቼ እናስገባ?"

"ከኋላ ተሰለፍ!"

"እኔ እኮ ትራም አልፈልግም።"

"ታዲያ ፌርማታ ላይ ምን ትሠራለህ?"

ሻለቃው ተሰለፈ። ሚስ ሉሚስ ለኮሎኔሉ ሻይ እየቀዱ፣ "ክበቡስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ሰው ቆሞ እየጠበቀ ፌርማታ ይዘጋል እንዴ? ትራሙ ይምጣ፣ ሁላችንም እንሳፈር፤ ከዚያ በኋላ ይዘጋል።"

ሚስ ሉሚስ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ከሻለቃው ኋላ ተሰለፉ። ሻለቃው አንገቱን ወደ ጫካው አሰገገ።

"ሞልቶ ቢመጣስ?" አለ፣ በስጋት።