እናቴ የምትፈርምባት ድንጋይ

ባሌ ዌንባይ እኔን ትቶ ድንጋይ አግብቶ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በሰላም በኖርን። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ከድንጋይ የተቀረጸ የጥንት ማኅተም መሰብሰብ ሆኗል። ድንጋዩን ዘይት ይቀባል፣ ይወለውላል፣ ከዚያ የሰው ወዝ ይጠጣ ብሎ አፍንጫው ላይ ሲያሽ ይውላል። አፍንጫው ተልጦ በርበሬ መስሏል። ቅባት ልቀባህ ስለው ድንጋዩን ያበላሽብኛል አለኝ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ጓደኛው ጋሽ ፈንግ ይመጣል። ሁለቱ አውራ ጣት በምታህል ድንጋይ ላይ አጉሊ መነጽር ይዘው ይደፋሉ። ምሳ ቀርቧል ብዬ ደጋግሜ ብጠራም የሚሰማኝ የለም። ሩዙ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እቃጠላለሁ።

ይሁን፣ ይህን ለምጄዋለሁ። ያንገበገበኝ የእናቴ ማኅተም ላይ ዓይናቸውን መጣላቸው ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አባቴ ሰሜን የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሲሠራ የሚልክልንን ገንዘብ ከፖስታ ቤት የምትቀበለው በማኅተሟ ነበር። ገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀርጽ አንድ ሰውዬ ነው ስሟን የቀረጸላት። አንድ ቀን ማኅተሟን ቤት ረስታ ከመስኮቱ ባዶ እጇን መለሷት። አብሬያት ነበርኩ። የዚያን ቀን ራታችን የፈላ ውኃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማኅተሟ ከወገቧ አልተፈታችም፤ አባቴ ሞቶ የሚላክ ነገር ከቀረ በኋላም እንኳ ዋልነት የሚሉትን ጠንካራ ፍሬ ትሰብርባት ነበር።

ጋሽ ፈንግ አንድ እሑድ፣ ከእኛ ጋር ትኖር የነበረችውን እናቴን ዋልነት ስትሰብርባት አያትና ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋው። ያ የገበያ ዳር ሰውዬ ለካ ኋላ ስሙ የገነነ ቀራጭ ሆኗል። ጋሽ ፈንግ ማኅተሟን ተቀብሎ ጠርዟ ላይ ያለችውን ስባሪ ለባሌ አሳየው።

"እየው ድፍረቱን። ሆን ብሎ ነው የሰበረው፤ ከእሱ በቀር እንዲህ የሚደፍር የለም።"

"ያ እንኳ አምና ነው፤ ዋልነቱ ጠንክሮብኝ" አለች እናቴ።

ማን ሰምቷት። ስለዚያች ስባሪ ሲያወሩ መሸ።

ከዚያ በኋላ ባሌ ማኅተሟን እንድትሰጠው አማቱን በአምባር ሞከራት፣ በሐር ካፖርት ሞከራት፤ ወይ ፍንክች። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነበር። የደከመች ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ጠራችንና ማኅተሟን አብረን እንድንቀብርላት ነገረችን።

"የሙታኑን የወረቀት ገንዘብ፣ እዚያ ማዶ እንዲደርሰኝ፣ ታቃጥሉልኛላችሁ አይደል?" አለች። "ያለ ማኅተም ማን ይሰጠኛል? እኔ መፈረም አልችል።"

ዌንባይ እጇን ይዞ ማለላት። ሞታ አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ፣ የአመዷ ሣጥን ውስጥ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሲያኖርም በዓይኔ አየሁ። አልቅሼ አመሰገንኩት፤ እርር የሚያደርገኝም ይኸው ምስጋናዬ ነው።

ጸደይ ገብቶ መቃብር የሚጠረግበት በዓል ዋዜማ፣ መቀስ ስፈልግ የባሌን መሳቢያ ከፈትኩ። የእናቴ ማኅተም ጥጥ ላይ ጋደም ብላለች፤ በዘይት ታሽታ ታብረቀርቃለች።

"እናቴ ጋ ምን አስገባህ?" አልኩት።

"ድንጋይ።"

"ስም ያለበት?"

ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። ለካ ምንም ያልተቀረጸበት ባዶ ድንጋይ ነው።

"እንዲህ ያለ የቀራጭ እጅ እኮ ዳግም አይገኝም፣ ሹፈን" አለ። "አፈር ይብላት? እዚያ ደግሞ ፖስታ ቤት የለም።"

"በሞተች በሰባተኛው ሳምንት ያቃጠልነውም፣ ለአዲስ ዓመት ያቃጠልነውም ከንቱ ቀረ" አልኩት። "እዚያም እንደ ያኔው መስኮቱ ጋ ቆማ ባዶ እጇን መልሰዋታል። አንተ ነህ ያስመለስካት።"

ያን ሌሊት ጀርባዬን ሰጥቼው አደርኩ። ጠዋት ተከተለኝ፤ ትልቅ ከረጢት ተሸክሟል። ካፊያ ነበር። መቃብሩን ጠርጌ የወረቀት ገንዘቡን እሽጎች ስደረድር፣ እሱም ከከረጢቱ ሌሎች እሽጎች እያወጣ አጠገባቸው ደረደረ። የሰባተኛው ሳምንቱንና የአዲስ ዓመቱን እንደገና ገዝቶ ነው የመጣው።

ከዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበረከከና ለማንም የማያስነካውን የማኅተም ቀይ ቀለም ዕቃውን ከፈተ። ማኅተሟን ከደረት ኪሱ አወጣ። እናቴ ፖስታ ቤት ታደርግ እንደነበረው ትንፋሹን እፍ አለባት፤ ይህን ስታደርግ መቼ እንዳያት አላውቅም። ቀለሙ ውስጥ ነክሯት እያንዳንዱ እሽግ ላይ ስሟን አተመ።

"ተቀብለዋል፣ እማማ" ይላል ባተመ ቁጥር፣ ቀስ ብሎ።

ስድቤን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ ተውኩት። እሽጎቹን አንድ በአንድ አየሁና የመጨረሻውን ወደ እሱ ገፋሁለት።

"ይኼኛው ደብዝዟል" አልኩት። "እንዲህ ያለውን አይቀበሏትም። ድገመው።"

ደገመው።